የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ልጄን ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት ላስገባት?

ጥያቄ፦ የደብረ ማርቆስ ነዋሪ ነኝ። ልጄ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍልን ታጠናቅቃለች። አዲስ አበባ የሚኖረው አጎቷ ቤቱ አስቀምጦ፣ የክፍያውንም ግማሽ ችሎ፣ የብዙ አገር ልጆች በአንድነት በሚማሩበት ዓለም አቀፍ የግል ትምህርት ቤት ሊያስተምራት ፈቅዷል። እናቷ አማርኛዋንና ጾሟን ትረሳለች ብላ ትሰጋለች፤ እኔ ደግሞ ኋላ የአገራችንን ዩኒቨርሲቲ ብትመርጥ መንገዱ ይዘጋባት ይሆን እላለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ስንት አገር ልጆች እንደሚማሩበት ከመጠየቅዎ በፊት ልጅዎ በመጨረሻ የምትቀመጥበት ፈተና የማን እንደሆነ ይጠይቁ፤ «ዓለም አቀፍ» የሚለው ስም ብቻውን ይህን አይናገርምና። እ.ኤ.አ. በ1947 የተከፈተው የአዲስ አበባው የፈረንሳይ ትምህርት ቤት ሊሴ ገብረ ማርያም ተማሪዎቹን ባካሎሬያ ለተባለው የፈረንሳይ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና ሲያዘጋጅ፣ ሌሎች ትምህርት ቤቶች የእንግሊዙን የካምብሪጅን ወይም እ.ኤ.አ. በ1968 ጄኔቫ ላይ የተመሠረተውን የኢንተርናሽናል ባካሎሬት ድርጅት ፈተና ይሰጣሉ። ይህ ድርጅት ፈቃድ የተሰጠውን ትምህርት ቤት ገና እጩ ከሆነው ይለያል፤ እጩነት ፈቃድ ለማግኘት ዋስትና ስላልሆነ የፈቃድ ደብዳቤውን ራስዎ ያንብቡ። የድርጅቱ የዲፕሎማ ትምህርት ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ ስድስት የትምህርት ዓይነቶችንና እስከ 4,000 ቃላት የሚደርስ የጥናት ጽሑፍን ያካትታል፤ ከፍተኛው ነጥብ 45 ሲሆን፣ ለማለፍ ከሌሎች መስፈርቶች ጋር ቢያንስ 24 ያስፈልጋል።

የካምብሪጁ የሁለተኛ ደረጃ ኮርስ ከ14 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች የተሰናዳና አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት የሚወስድ በመሆኑ፣ ስምንተኛን ጨርሳ ከመነሻው ብትገባ ይሻላታል፤ መሐል ላይ መግባት ጎበዝ ተማሪንም ያንገዳግዳል። የአገራችንን ዩኒቨርሲቲ በተመለከተ፣ የውጭ ማስረጃ የአቻ ግምት (ከአገራችን ማስረጃ ጋር እኩል መሆኑን የሚያሳይ ማረጋገጫ) እንደሚያስፈልገው አውቀው፣ ክፍያ ሳይፈጽሙ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን ይጠይቁ።

የእናቷ ስጋት ተራ አይደለም። የኢንተርናሽናል ባካሎሬት ዲፕሎማው፣ ተማሪ የአፍ መፍቻ ቋንቋውን ሥነ ጽሑፍ በትምህርት ቤቱ ድጋፍ በግሉ እንዲያጠና የሚፈቅድ አሠራር አለው፤ ስለዚህ «አማርኛ ታስተምራላችሁ?» ብለው ብቻ አይለፉት፤ በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ እንደተመደበለትና መምህሩ ማን እንደሆነ ይጠይቁ። በምሳ ሰዓትም ይጎብኙ፦ ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ ይቀርባል? ብዙዎቹ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች የትምህርት ዓመቱን በነሐሴ ስለሚጀምሩ እንቁጣጣሽ መክፈቻቸው አይደለም፤ ረጅም ዕረፍታቸውም ለፈረንጆች ገና የተዘጋጀ ነውና፣ ታኅሣሥ 29 ቀን ዓባይን ተሻግራ ቤቷ መድረሷን ከትምህርት ቤቱ የቀን መቁጠሪያ ላይ ያረጋግጡ።

ወላጆች ብዙም የማይጠይቁት አንድ ነገር አለ። የዲፕሎማትና የዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኛ ልጆች ወላጆቻቸው ሲዛወሩ አብረው ስለሚሄዱ፣ ልጅዎ የቅርብ ጓደኛዋን ደጋግማ ልትሸኝ ትችላለች፤ ከቤት ርቃ ለምትኖር ልጅ ይህ ከሒሳብ ትምህርት ይልቅ ይከብዳል። የአጎቷ ቤት ምን ያህል እንደሚያጽናናት ከእኛ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ።

የፈተና ክፍያ ከዓመታዊው ክፍያ ተለይቶ ሊጠየቅ፣ ዋጋውም በዶላር ሊተመን ስለሚችል፣ አጎቷ «ግማሹን» ሲሉ የትኛውን ማለታቸው እንደሆነ ከወዲሁ ተነጋገሩበት።