ሳር ቤታችን ታመመችብን

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን አሉ? ከኩታበር ነው የምጽፍልዎ። አያቴ የሠራት ክብ ሳር ቤት አለችን፣ ምሰሶዋ ወይራ ነው፣ እናታችን ካረፈች ወዲህ ሦስት ክረምት ተዘግታ ከረመች። አሁን ስንከፍታት ከላይ ታፈሳለች፣ በአንድ በኩል ግድግዳው ጎብጧል፣ ሳሩ ሲነኩት ይፈረፈራል። ደሴ ያለው ወንድሜ "ሳሩን አንስተን ቆርቆሮ እናልብሳት፣ ግድግዳውን በሲሚንቶ እንለስነውና እንገላገል" ይላል፣ እኔን ግን አልዋጥልህ አለኝ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ አብሽር፣ ቤቷ አልሞተችም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ በሦስቱ ክረምት ውስጧ እሳት ነዶ ያውቃል? አይመስለኝም፣ በሽታዋም እሱ ነው። ሳር ቤት የሚያቆየው ጭስ ነው እኮ፣ እናትህ ቡና ባፈላች ቁጥር ጭሱ ወደ ላይ ወጥቶ ሳሩን ያደርቀው ነበር፣ ነፍሳቱንም ያባርር ነበር፣ ያ ከማገሩ ላይ የሚያብለጨልጨው ጥቀርሻ ቆሻሻ እንዳይመስልህ፣ መድኃኒቷ ነው። ወንድምህ እንዳይጠርገው አደራ (ከተማ የገባ ሰው መጥረግ ይወዳል)።

የጎበጠውን ጎን ስታይ ቢላ ያዝ። ከግድግዳው እንጨት እግር ስር አፈሩን ጫር ጫር አድርገህ እያንዳንዱን ውጋው፣ ቢላው ዝም ብሎ ከገባ እግሩ በስብሷል ማለት ነው፣ ከላይ ያለው ግን ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው። ስለዚህ ጣሪያውን በባላ ደግፈህ የበሰበሰውን ብቻ ቁረጥ፣ በምትኩ ወይራ ወይም ጥድ በሰያፍ አጋጥመህ ጠፍረህ እሰረው፣ እግሩንም ድንጋይ ላይ አስቀምጠው። ባህር ዛፍ እንዳትሞክር፣ ምስጥ ይወደዋል። ዙሪያዋንም ቦይ አውጣላት።

ሲሚንቶውን ተወው። እኔ ራሴ አንዴ ጭቃ ቤት ላይ አስለስኜ አምሮብኝ ነበር፣ ከዚያ ተሰነጠቀ፣ ዝናቡ በስንጥቁ ገባ፣ መውጫ ግን የለውም፣ ሳፈርሰው እንጨቱ እንደ እርጥብ እንጀራ እጄ ላይ ቀረ። ጭቃ ውሃ ቢጠጣም መልሶ ይተፋዋል። የጤፍ ጭድ ቀላቅላችሁ አስር ቀን ያህል እያጠጣችሁ እርገጡት፣ መሽተት ሲጀምር ደርሷል፣ ያኔ ምረጉት።

ቆርቆሮውስ? ቆርቆሮ አራት ማዕዘን ነው፣ ቤትህ ክብ ናት፣ እየቀደድክ ስትጥል ግማሹ ብር ሜዳ ላይ ይቀራል፣ ክረምት ደግሞ ዝናቡ ሲወርድበት መጨዋወት የለም። ሳር ቤት ያሳፍራል የሚል ከሆነ ላሊበላ ውሰደው፣ በቀይ ድንጋይ የተሠሩትን ባለ ሁለት ደርብ ክብ የላስታ ቤቶች ያሳዩት፣ ዩኔስኮ በ1970 ዓ.ም. ከመዘገባቸው አብያተ ክርስቲያናት አጠገብ ናቸው።

ክዳኑን በተመለከተ መጀመሪያ ጉልላቱን እይ፣ ፍሳሽ ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው የሚጀምረው። ሳሩን ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደርቆ ሳለ አሳጭድና ጥር ላይ ክደኑ፣ ከክፈፉ ጀምራችሁ ወደ ላይ፣ ውፍረቱ 30 ሳንቲሜትር ገደማ ይሁን፣ ዳገትነቱንም አታሳንሱት፣ ውሃው ካልሮጠ ሳሩ ውስጥ ይተኛል። ጫፉ ላይ ሸክላ ድፉበት። እስከዚያው ሸራ ጣልባት፣ ዛሬ ማታ ደግሞ ገብተህ ከምሰሶው ራቅ አድርገህ ቡና አስፈላባት።