መልስ፦ የወፈሩ ተማሪዎች ቁጥር በእጥፍ ጨመረ ወይስ መዝገቡ ተሳሳተ?

«በኤሌክትሮኒክ የጤና መዝገባችን ከመጠን በላይ የወፈሩ ተማሪዎች በአንድ ዓመት በእጥፍ ጨመሩ፤ እንመነው?» ላሉት፦ ገና አይመኑት። መጀመሪያ ከጠቅላላው ተማሪ ስንቱ እንደተመዘነ ይዩ፤ አምና ትንንሾቹ ብቻ ተመዝነው ከሆነ ንጽጽሩ ዋጋ የለውም። ቀጥሎ ቁመት። ብዙ ጊዜ ጉዱ ያለው እዚያ ነው፦ 30 ኪሎ ግራም የሚመዝን ልጅ ቁመቱ 132 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ሳለ 123 ተብሎ ከገባ፣ የክብደትና ቁመት ምጣኔው (BMI፦ ክብደት በኪሎ ግራም፣ በሜትር የተለካ ቁመት በራሱ ተባዝቶ ሲካፈልለት) ከ17.2 ወደ 19.8 ይዘላል። ካለፈው ዓመት «ያጠሩ» ልጆችን ለይተው እንደገና ይለኩ።

ደግሞ የዚህን ምጣኔ 25 መቁረጫ አያድርጉ፤ የአዋቂ ነው። ከ5 እስከ 19 ዓመት ላሉት የዓለም ጤና ድርጅት የ2007 ማጣቀሻ በዕድሜና በጾታ ይለያል፦ ከ+1 መደበኛ ልዩነት (ከእኩዮች መካከለኛ ልክ የመራቅ መለኪያ) በላይ ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ ከ+2 በላይ ውፍረት። ስለዚህ ዕድሜ በዓመት ብቻ አይበቃም፤ የትውልድ ቀንና የተለካበት ቀን ይግቡ።