አከራይ ጥገና ሲያዘገይ፦ ለወጣት ተከራዮች

አከራያችሁ «እሺ፣ እናሠራዋለን» ካሉ ወር ቢያልፍ፣ ወዲያው ንቀት አድርጋችሁ አትውሰዱት። አዲስ አበባ ውስጥ በግቢያቸው ሁለት ሦስት ክፍል የሚያከራዩ ብዙ አዛውንቶች የሚተዳደሩት በዚያው ኪራይ ነው። ብሩ ሲኖር የሚያምኑት ባለሙያ ይጠፋል፣ ባለሙያው ሲገኝ ብሩ የለም። ታገሱ፤ ግን ሥራውን አቅልላችሁላቸው ታገሱ።

«ሽንት ቤቱ ተበላሽቷል» ስትሏቸው እማማ የሚሰሙት ወጪ ብቻ ነው። ብልሽቱን ለይታችሁ ንገሯቸው። የውሃ ሳጥኑ ውስጥ ጠቆር ያለ ሻይ ጨምሩና ሳትለቁት 20 ደቂቃ ጠብቁ። ቀለሙ መቀመጫው ውስጥ ከታየ፣ የሚያፈሰው የሥረኛው ጎሚኒ (ውሃ የሚያግደው ትንሽ ጎማ) ነው ወይም ተንሳፋፊው (ሳጥኑ ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው ኳስ) ከፍ ብሎ ውሃው በመትረፊያው ቱቦ እየወረደ ነው። ተንሳፋፊውን ዝቅ ማድረግ ሳንቲም አያስወጣም። የሚንጠባጠብ ቧንቧም ብዙ ጊዜ የሚፈልገው የግማሽ ኢንች ጎሚኒ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር መጀመሪያ የሚለቀቀው ውሃ አሸዋ ይዞ ስለሚመጣ ጎሚኒውን ይበላዋል፤ አጥብቆ መዝጋት ደግሞ ይብስበታል። ዋናውን መዝጊያ ሳትዘጉ ግን እንዳትፈቱት፣ ግቢው ይጥለቀለቃል።

ጣሪያ ሌላ ነው። ኮርኒሱ ላይ የምታዩት እድፍ የቀዳዳውን ቦታ አያሳይም፤ ውሃው በማገሩ ላይ ሄዶ ሄዶ ነው የሚወርደው። እድፉን ዙሪያውን በእርሳስ ከብቡና ቀን ጻፉበት፤ በቀጣዩ ዝናብ መስፋቱ ይታወቃል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ፀሐይ ያደረቀው የሚስማር ጎማ ነው። ያንኑ ሚስማር መልሶ መምታት ቀዳዳውን ያሰፋዋል። ጥያቄውን በግንቦት አቅርቡ፤ ሐምሌ ላይ እርጥብ ቆርቆሮ የሚወጣ ባለሙያ ለማግኘት ያስቸግራል።

አንድ ነገር ግን አይታገሡትም፦ የሚሞቅ ሶኬት። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፣ በ220 ቮልት 16 አምፔር ማለት ነው። ለአምፖል የተዘረጋ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ይህን አይችልም፤ ቢያንስ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ለብቻው ይዘርጋለት። የተቃጠለ ጎማ ከሸተታችሁ ብሬከሩን አጥፉ፣ በዚያው ቀን ኤሌክትሪሻን ይጠራ። እዚህ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም።

ገንዘቡን እናንተ የምታወጡ ከሆነ አስቀድማችሁ ተስማሙ። «ጋሼ፣ የጣሪያው ሚስማርና የሠራተኛው ዋጋ ይኸው፤ ከሚቀጥለው ወር ኪራይ ይታሰብልኝ?» ብላችሁ በቴሌግራም ጻፉና መልሳቸውን አስቀምጡ። ደረሰኙንና የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ አሳዩ። ሳይነጋገሩ ከኪራይ መቀነስ ትንሹን ብልሽት ወደ ትልቅ ጠብ ይወስደዋል።

በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንዳንድ ጥቃቅን ጥገና የተከራይ ድርሻ ቢሆንም፣ በእርጅና የመጣ ብልሽት ግን በእናንተ ላይ አይጫንም። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 ደግሞ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት አያንስም። ስለዚህ ስትፈርሙ ጣሪያ፣ መብራትና ውሃ በስንት ቀን እንደሚጠገኑ አንድ መስመር አስገቡ፤ ቁልፍ ስትረከቡም የየክፍሉን ፎቶ አንሱ።