«ሦስት ጊዜ ገለጥሁት፤ የትኛውን ልከተል?»

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ከእርስዎ ጋር ይሁን። የምኖረው መንዝ ነው። ከአባታችን የወረስነውን መሬት ከታላቅ ወንድሜ ጋር ተካፍለን በሰላም ስናርስ ኖረናል። ቤታችንን የሚለየው አንድ ጅረት ብቻ ነው። ዘንድሮ ግን ወሰኑን አልፎ ሁለት ትልም ያህል ገፋኝ። ልክሰሰው ወይስ ልተወው ብዬ ሦስት ቀን ጾሜና ጸልዬ መጽሐፍ ቅዱስን ገለጥሁ። መጀመሪያ «የሚዋጉኝንም ተዋጋቸው» የሚለው መዝሙር ወጣልኝ። ልቤ ስላላረፈ ደግሜ ብገልጥ የዜና መዋዕል የትውልድ ቈጠራ ሆነ። በሦስተኛው ደግሞ ቅዱስ ጳውሎስ ብትበደሉ አይሻልምን የሚለው ወጣ። በቃሉ መመራት እፈልጋለሁ፤ የትኛውን ልከተል?

መልስ፦ ልጄ፣ በቃሉ ልመራ ማለትህ ደስ አሰኝቶኛል። የጠየቅኸኝ ግን ከሦስት ዕጣ አንዱን እንዳጸድቅልህ ነው፤ ይህን አላደርግም።

በአገራችን «መጽሐፍ ገላጭ» የሚባል ሰው እንዳለ ታውቃለህ። ወደ እርሱ ደጅ ሄደሃል ቢሉህ እንደምትቆጣም አልጠራጠርም። ነገር ግን ዐይንህን ጨፍነህ ገጹን ስትገልጥና ጣትህ ያረፈበትን እንደ ፍርድ ስትቀበል፣ የእርሱን ሥራ በገዛ ቤትህ ሠራኸው፤ የተለወጠው መጽሐፉ ብቻ ነው። ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ጥንቈላን እንዴት አጥብቀው እንዳወገዙ ይነገራል፤ ነገሩ ዛሬም በጾምና በጸሎት ተሸፍኖ በምእመናን ቤት ይኖራል። ሐዋርያት በማትያስ ጊዜ ዕጣ ጥለው የለም ወይ የሚለኝ አይጠፋም። ያ ከበዓለ ጰራቅሊጦስ በፊት ነበር፤ መንፈስ ቅዱስ ከወረደ በኋላ ሰባቱን ዲያቆናት ሲመርጡ ዕጣ አልጣሉም።

ይህን ያህል የማከርረው ጉዳቱን ስላየሁ ነው። አንዲት እናት ልጇን ወደ ዐረብ አገር ልላክ ወይስ ላስቀር ብላ ብትገልጥ፣ ለአብርሃም የተነገረው ከአገርህ ውጣ የሚለው ቃል ወጣላት። ላከቻት። ጣቷ አንድ ገጽ ወደ ኋላ ብሎ ቢሆን ኖሮ የባቢሎን ግንብ በወጣላት ነበር። ልጅቱ ታማ ተመለሰች፤ እናቲቱም «እግዚአብሔር ዋሸኝ» ብላ ከቤተ ክርስቲያን ራቀች። እግዚአብሔር ግን ለአብርሃም እንጂ ለእርሷ ያን አልተናገረም።

አንተስ? የመጀመሪያው ወጥቶልህ ለምን ደገምህ? ሁለተኛውን ለምን እንደ መልስ አልቈጠርኸውም? አየህ፣ ፈራጁ አንተው ነበርህ፤ መጽሐፉን ምስክር ብቻ አድርገህ አቆምኸው።

የእኛው ጃንደረባ በሠረገላው ተቀምጦ ኢሳይያስን ሲያነብ ፊልጶስን የጠየቀው «ነቢዩ ይህን ስለ ማን ይናገራል?» ብሎ ነው። ይህን ጥያቄ ይዘህ ወደ ወጡልህ ቃላት ተመለስ። መዝሙር 34ን እስከ ታች አንብበው። ዳዊት እነዚያ የሚያሳድዱት ሰዎች በታመሙ ጊዜ ማቅ ለብሶ እንደ ጾመላቸው፣ እንደ ወዳጁና እንደ ወንድሙም አድርጎ እንዳዘነላቸው ይነግርሃል። ዳዊት ማለት ሳኦል በዋሻ ውስጥ እጁ ላይ ወድቆለት ሳለ ከልብሱ ጫፍ በቀር ያልነካ ሰው ነው (1ኛ ሳሙ. 24)። ተዋጋቸው ያለው እግዚአብሔርን ነው፤ እርሱ ራሱ ሰይፉን ወደ ሰገባው መልሶ ነው።

አሁን ወደ 1ኛ ቆሮንቶስ 6 ና። ጣትህ ካረፈበት ቍጥር ሁለት ቍጥር ብቻ ወደ ላይ ብትወጣ፣ ጳውሎስ በወንድማማች መካከል ሽማግሌ የሚሆን አንድ አስተዋይ ሰው እንኳ ጠፋን ብሎ ሲያሳፍራቸው ታገኘዋለህ። እንግዲህ ተቃረኑብኝ ያልኸቸው ሁለቱ ቃላት ሙሉውን ስታነባቸው አልተቃረኑም። አንደኛው በቀልን ከእጅህ ይወስዳል፤ ሁለተኛው ሽማግሌ ፈልግ ይልሃል።

መግለጥ የማያሻውም ቃል አለ፤ ከልጅነትህ ጀምሮ ሰምተኸዋል። ወንድምህ ቢበድልህ ሄደህ አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ውቀሰው፤ ባይሰማህ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ ሂድ (ማቴ. 18፥15-16)። ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። መጽሐፉን ሦስት ጊዜ መግለጥህን ጽፈሃል፤ የወንድምህን ደጅ አንድ ጊዜ መርገጥህን ግን አልጻፍህም። በመካከላችሁ ያለው አንድ ጅረት ነው።

እኔም የገበሬ ልጅ ነኝና ልጠይቅህ፦ የወሰኑን ድንጋይ አይተኸዋል? የክረምቱ ጎርፍ አንከባሎት እንደሆነስ? የባልንጀራውን ድንበር የሚገፋ ርጉም ይሁን የሚለው ቃል (ዘዳ. 27፥17) ወንድምህን ያስፈራዋል፤ በዓይን መጠን ለክተህ ያልተገፋውን ተገፋሁ ብትል ደግሞ ወደ አንተ ይዞራል።

ስለዚህ መጀመሪያ ብቻህን ተሻገር፤ ባዶ እጅህንም አትሂድ። እንቢ ካለ የንስሐ አባታችሁንና አንድ የአገር ሽማግሌ ይዘህ ተመለስ። ከዚያም በኋላ ካልሆነ የመሬት ደብተርህን ይዘህ ወደ ቀበሌ ብትሄድ፣ ፍርድ ቤትም ብትቆም ኃጢአት አይሆንብህም፤ ጳውሎስም ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል። ጥላቻውን ግን ይዘህ አትቁም።

ዳዊትህን እንደ ወትሮው በየዕለቱ ድርሻ ድገም። መዝሙር 34 የማክሰኞ ነው፤ ሳትገልጠው በተራው ይመጣልሃል። ወንድምህ ምን እንዳለህ ጻፍልኝ።