የማጂክ ኪንግደምን ርችት ከየት እንይ? ከእናቷና ከልጆቿ ጋር ለምትሄደው እህታችን

ከጅማ ሄርማታ የጻፍሽልን እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ማለት አልሆነልኝም። በሐምሌ ልጆችሽንና እናትሽን ይዘሽ አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ያለችው ኦርላንዶ ወንድምሽ ጋ ልትሄጂ ነው። እዚያ ያለው የዲዝኒ መዝናኛ ፓርክ፣ ማጂክ ኪንግደም፣ ገብታችሁ የማታውን ርችት ልታዩ አስባችኋል። "የት ብንቆም ይሻላል? ስንት ሰዓት ቀድመን ቦታ እንያዝ? እናቴ ብዙ መቆም አይችሉም" ነው ያልሽው። ልጄ እዚያው ከተማ ስለምትኖር ርችቱን ደጋግሜ፣ ከተለያየ አቅጣጫ አይቼዋለሁ። እናትሽን ባትጠቅሺ ኖሮ በሁለት መስመር እመልስልሽ ነበር። እሳቸው ካሉ ግን ነገሩ ሁሉ ይለወጣል።

ብዙ ሰው የሚመክርሽ "ግንቡ ሥር ሂጂና ቁሚ" ብሎ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ግንቡ፣ ፓርኩ መሀል ያለው የሲንደሬላ ቤተ መንግሥት፣ ወደ 58 ሜትር ይረዝማል። ርችቱ የሚተኮሰው ደግሞ ከግንቡ ጀርባ ነው። ሥሩ ከቆምሽ ግንቡ ራሱ ይጋርድሻል። ዝቅ ብሎ የሚፈነዳው ያመልጥሻል። ከፍ ያለውን ለማየት ደግሞ እስኪያልቅ ማንጋጠጥ ነው። ለልጅ ምንም አይደለም፤ ለእናትሽ አንገት ግን ቅጣት ነው።

ትርኢቱ ሃፒሊ ኤቨር አፍተር ይባላል። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2017 ተጀምሮ፣ በ2021 ቆሞ፣ በ2023 ሚያዝያ ላይ የተመለሰ ነው። 18 ደቂቃ አካባቢ ይወስዳል። ልብ በይ፣ ርችት ብቻ አይደለም። ግንቡ ላይ በብርሃን ሥዕል ይለቀቃል፤ ሥዕሉ ከሙዚቃው ጋር ይንቀሳቀሳል። ከተመለሰ ወዲህ ደግሞ ሜይን ስትሪት በሚባለው መግቢያ ጎዳና ግራና ቀኝ ያሉት ሕንፃዎችም ላይ ሥዕል ይወጣል። ስለዚህ ሰማዩን ብቻ ሳይሆን ግንቡን ፊት ለፊት ማየት አለባችሁ። ከጎን የቆመ ሰው ርችቱን ያያል፣ ታሪኩን ግን ያጣል።

እኔ የምመርጥልሽ ሜይን ስትሪት አልቆ መሀል አደባባዩ የሚጀምርበትን አካባቢ ነው። ዋልት ዲዝኒና ሚኪ ማውስ እጅ ለእጅ ተያይዘው የቆሙበት ሐውልት አለ። ከሐውልቱ ወደ መግቢያው በኩል መለስ በይና መሀሉን ያዢ። ግንቡ ሙሉ ይታይሻል፣ ሰማዩም ይታይሻል፣ አንገትም አይጎዳም። ችግሩ ይህን ሁሉም ማወቁ ነው። በሐምሌ ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ ጠጠር መጣያ አይገኝም። እዚያ ለመቆም ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። አጠገቡ ያሉት ሣር ያላቸው መናፈሻዎች ለመቀመጥ ይመቻሉ፤ አንዳንዴ ግን ከፊላቸው ተጨማሪ ለከፈለ ይከለላል።

ያን ያህል መጠበቅ ካልቻላችሁ ሜይን ስትሪት መሀል ላይ ቁሙ። ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ብትደርሱ ቦታ አታጡም። ግንቡ ያንሳል፤ ግን የሕንፃዎቹ ሥዕል ግራና ቀኝ ይከባችኋል። እኔ በበኩሌ ይህን በጣም እወደዋለሁ። መግቢያው ላይ ያለው የባቡር ጣቢያ ሰገነት ደግሞ ከፍ ያለ ነው። ከዚያ የሰው ጭንቅላት አይጋርድሽም። ሩቅ ነው፣ ለመውጫው ግን ቅርብ ነው።

አሁን ወደ እናትሽ ልምጣ። መግቢያው ላይ ዊልቸር ይከራያል። "እኔ እኮ መራመድ እችላለሁ" ይሉሽ ይሆናል። እናቶቻችንን እናውቃቸዋለን፤ ልጅ እንዳይቸገር ብለው ሕመማቸውን ይደብቃሉ። አትስሚያቸው፣ ጠዋት ስትገቡ ተከራዪላቸው። ቀኑን ሙሉ የሚያደክመው እግር ነው፤ ማታ ርችቱ ሲደርስ አቅም ያልቃል። በዊልቸር ለሚሄዱ ሰዎች የተለየ ማያ ቦታ አደባባዩ አካባቢ ይከለላል። ቀድሞ ለመጣ ስለሆነ ሠራተኞቹን በጊዜ ጠይቂ። በትሕትና ይመልሳሉ፤ እንግሊዝኛ አልችልም ብለሽ አትፈሪ፤ ወንድምሽም አለ።

እዚህ ላይ አንድ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። እዚያ ማታ 3 ሰዓት ሲሆን ጅማ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። በሐምሌ ኦርላንዶ ፀሐይ የምትጠልቀው ማታ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ ርችቱ ከዚያ በፊት አይሆንም። በደረሳችሁ በማግስቱ ከገባችሁ ልጆቹ ርችቱ ሳይጀመር ጭንሽ ላይ ይተኛሉ። እናትሽም እንደዚያው። ስለዚህ ሦስት አራት ቀን እረፉና ግቡ። ሰዓቱ በየቀኑ ሊለያይ ስለሚችል የዲዝኒን አፕ ስልክሽ ላይ ጫኚና የዚያኑ ዕለት እዪ። አፑ የሚያሳየው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ 9፡00 ካለሽ በእኛ ማታ 3 ሰዓት ማለት ነው። ጉዞው ወደ ሰኔ መጨረሻ ከተሳበ ደግሞ ሰኔ 26 እና 27ን (በፈረንጆቹ ጁላይ 3 እና 4) ዝለሉ፤ የአሜሪካኖች የነፃነት በዓል ነው። የዚያን ጊዜ ልዩ ርችት አለ፣ እጅግ ያምራል፣ ግን ሰዉ ሊበዛ ይችላል። ከእናትና ከሕፃን ጋር አይሞከርም።

ዝናቡን አትርሺ። ፍሎሪዳ በዚያን ወቅት ከሰዓት በኋላ መብረቅና ዶፍ ይወርዳል። ክረምታችንን ለምናውቅ ለእኛ አዲስ አይደለም። መብረቅ ካለ ርችቱ ሊዘገይ፣ ሊሰረዝም ይችላል። ነገር ግን ዝናብ ሲመጣ ብዙ ቤተሰብ ተስፋ ቆርጦ ይወጣል። የዝናብ ልብስ ይዛችሁ ሱቅ ውስጥ ተጠልላችሁ ከቆያችሁ፣ ሲያባራ ጥሩ ጥሩው ቦታ ባዶ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ነፋሱም ወሳኝ ነው። ጅማ ላይ ደመራ ስናይ ጭሱ ወደየት እንደሚሄድ ሳናይ እንቆማለን? እዚያም እንደዚያው ነው። ሜይን ስትሪት ሕንፃዎች ጣሪያ ላይ ባንዲራዎች አሉ፤ እነሱን እዪ። ከግንቡ ወደ እናንተ የሚውለበለቡ ከሆነ ጭሱ ይመጣባችኋል። ያኔ ወደ ኋላ ራቅ ማለት ነው። ጭራሽ ነፋስ ከሌለም ጭሱ እዚያው ይቆምና የመጨረሻዎቹን ርችቶች ይሸፍናል፤ ለዚህ መድኃኒት የለውም። እናትሽ ደረታቸውን የሚያማቸው ከሆነ ይህን ከሁሉ በላይ አስቢበት።

ለልጆቹ ድምፁን ቀድመሽ ንገሪያቸው። ትንሿ ከደነገጠች የጆሮ መሸፈኛ ይረዳል። እሽኮኮ ማድረግ የእኛ ልማድ ነው፤ ኋላ ያለው ሰው ግን ምንም አያይም። ታቅፎ መያዝ ይበቃል። ሴት ልጅሽ ቲንከር ቤልን፣ የዲዝኒ ተረት ባለክንፏን ትንሽ ልጅ፣ የምትወድ ከሆነ ከመሀል ትንሽ ወደ ቀኝ ዘንበል በሉ፤ መጨረሻው ላይ ከግንቡ አናት በሽቦ ተንጠልጥላ ወደ ቀኝ ትበራለች። የልጄ ልጆች ይህን ሲያዩ የሚሆኑትን ባየሽ! መጠበቂያ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ያዢ፤ ምግብ ይዞ መግባት ይቻላል። ብርጭቆ ግን አያስገቡም፤ ውስጡ ብርጭቆ የሆነውን የቡና ፔርሙዝ ቤት ተይው።

ውድ ቲኬት ዳግመኛ መግዛት የማትፈልጉበት ቀን ካለ ደግሞ ሌላ አማራጭ አለ። ከፓርኩ ፊት ለፊት ሰቨን ሲስ ላጉን የሚባል ሐይቅ አለ። ዳርቻው ላይ ፖሊኔዢያን የሚባል የዲዝኒ ሆቴል አሸዋማ ዳር አለው። ከዚያ ሆነሽ ርችቱን ከውኃው ማዶ ታዪዋለሽ፤ ሙዚቃውም ይሰማል። የፓርክ ቲኬት አይጠይቅም። በተጨናነቀ ቀን መኪና ይዞ የመጣን እንግዳ ሊመልሱ ስለሚችሉ ወንድምሽ አስቀድሞ ያጣራ። የግንቡ ሥዕል ከዚያ በደንብ አይታይም። ለእናትሽ ግን ቁጭ ብሎ ማየት ስለሆነ፣ ሁለት ማታ ካላችሁ አንዱን ለዚህ አውሉት። እውነቱን ለመናገር፣ ለእሳቸው ከፓርኩ ይልቅ ይህን ሳልወድላቸው አልቀርም።

የመጨረሻው ከባድ ነገር መውጣት ነው። ርችቱ እንዳለቀ ሁሉም በአንዴ ይነሣል። መኪና የሚቆመው ከሐይቁ ማዶ ስለሆነ ወይ ሞኖሬል (በአንድ ሐዲድ ላይ የሚሄድ ባቡር) ወይ ጀልባ መሳፈር ግድ ነው። ሁለቱም ጋ ረጅም ሰልፍ ይኖራል። በዚያ ግፊያ ውስጥ እናትሽንና ሕፃን ይዘሽ አትግቢ። የሜይን ስትሪት ሱቆች ፓርኩ ከተዘጋ በኋላም ጥቂት ይቆያሉ። አንድ ጥግ ላይ ተቀመጡ፣ ልጆቹ አይስክሬም ይብሉ፣ ሰዉ ቀለል ሲል ውጡ። የተከራያችሁትን ዊልቸር እስከ መውጫው ድረስ አትመልሱ። እርስ በርስ ብትጠፋፉ የምትገናኙበትን ቦታም ገና ቀን ሳለ ለትልቁ ልጅ አሳዪው፤ የባቡር ጣቢያው ሥር ቢሆን ከሩቅም አይጠፋም።

የምትገቡበትን ቀን ስትቆርጡ ጻፊልኝ። እናትሽ ደረጃ መውጣት ይችሉ እንደሆነም ንገሪኝ፤ የባቡር ጣቢያውን ሰገነት ልምከርሽ ወይስ ሜይን ስትሪት መሀል ትቅሩ የሚለው በዚያ ይወሰናል።