ጥያቄና መልስ ለእግር ጉዞ ወዳጆች፦ ጫማ፣ ውሻ፣ ጢስ ዓባይና ጮቄ

ጥያቄ፦ በሐኪም ምክር ጠዋት ጠዋት በእግሬ መንሸራሸር ጀምሬያለሁ። ከከተማ ወጥቼ ወደ እርሻው ስዘልቅ ግን ተረከዜ ውኃ ይቋጥራል። ጫማው አዲስ ነው፤ ቁጥሩም ልኬ ነው። ምን ላድርግ? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ «ልኬ ነው» ያሉትን እንጠራጠረዋለን። እግር ሲራመድ ያብጣል። ስለዚህ ጫማ የሚለካው ከሰዓት በኋላ፣ ለጉዞ የሚያደርጉትን ካልሲ አጥልቀው ነው። ቆመው ሲለኩት በረጅሙ ጣትዎና በጫማው አፍንጫ መካከል የአውራ ጣት ስፋት ይቅር፤ ተረከዝዎ ግን ከፍ ዝቅ እያለ መፋተግ የለበትም። ውኃ የሚያስቋጥረው ሙቀት፣ ላብና ፍትጊያ ሲገናኙ ነው። የጥጥ ካልሲ ላቡን ይዞ ስለሚቆይ የሱፍ ወይም የተቀላቀለ ይሻላል። ካላገኙ ትርፍ ይያዙና መንገዱ ሲጋመስ ይቀይሩ። ቆዳዎ መለብለብ እንደጀመረ እዚያው ቁጭ ብለው ፕላስተር ይለጥፉ፤ «ቤት ስደርስ» ማለት አያዋጣም። ከቋጠረ ደግሞ አያፍርጡት።

መንገዱንም ይምረጡ። መረሬ መሬት በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጥና ጫማ ሥር እየተደራረበ ይለጠፋል፤ ጉልበት ያለው ሰው እንኳ ብዙ ሳይርቅ ይደክማል። በበጋ ደግሞ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ቁርጭምጭሚት ለመጠምዘዝ ይበቃል። ጠጠር መንገድ ወይም የማሳ ወሰን ላይ ያለው ሣር ይሻልዎታል። በቀይ አፈር ላይም ቢሆን ባዶ እግር አይመከርም፤ ለዓመታት ሲደጋገም የእግር ዝሆኔ ያመጣል።

ጥያቄ፦ የገጠር ውሻ ሲያጋጥመኝ ልሩጥ ወይስ ልቁም? (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ይቁሙ። የሚሮጥ ሰው ይባረራል። ዱላዎን በእርስዎና በውሻው መካከል ዝቅ አድርገው ይያዙ፤ ዓይን ዓይኑን ሳያዩ፣ ጀርባም ሳይሰጡ ቀስ ብለው ይራቁ። «ቤቶች!» ብለው ይጣሩ፤ ባለቤቱ ብቅ ካለ ነገሩ ያልቃል። ድንጋይ ለማንሳት ጎንበስ ማለት ብቻውን ብዙዎቹን ይመልሳል። ከነከሰዎት ግን ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም።

ጥያቄ፦ ቤተሰብ ይዘን ባሕር ዳር ልንሄድ ነው። ጢስ ዓባይን አንዱ «ውኃ የለውም»፣ ሌላው «ሞልቷል» ይለናል። መቼ እንሂድ? በየትስ በኩል እንዙር? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ የሄዱበት ወር ይለያያል። ከጣና የሚወጣው ውኃ ጨራጨራ ላይ ባለው መቆጣጠሪያ በኩል ነው የሚለቀቀው። ከፏፏቴው በላይ ደግሞ ለኃይል ማመንጫ በቦይ ይጠለፋል። ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ሌላ ድርሻ ከሐይቁ በምዕራብ በኩል ተነሥቶ ወደ ጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ይሄዳል። ስለዚህ በየካቲት ሄዶ አለት ብቻ አይቶ የሚመለስ አለ። ጣና ሰፊ ስለሆነ ቀስ ብሎ ይሞላል፤ ከፍ የሚለው ዝናቡ ሊያባራ ሲል፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው። እኛ የምንመርጠው ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ያለውን ነው፦ ውኃው አለ፣ ጭቃው ጠፈፍ ብሏል። ነሐሴ ላይ ውኃው ያስደንቃል፤ መንገዱ ግን ያዳልጣል።

ቦታው ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቢነሡ ፀሐይ ሳትከርር ይራመዳሉ። ትኬቱን ጢስ ዓባይ ከተማ ውስጥ ይቁረጡ። መንገዱ ሁለት ነው። አጭሩ በጀልባ ተሻግሮ ወደ ፏፏቴው የሚያደርሰው ነው፤ ለሽማግሌና ለሕፃን ይሄ ይሁን። ረጅሙ ቁልቁል ወርዶ በ1600ዎቹ፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በድንጋይና በኖራ በተሠራው ድልድይ ይሻገራል፤ ከዚያ ሽቅብ ወጥቶ ፏፏቴውን ፊት ለፊት ያሳያል፤ ቀጥሎ በተንጠልጣዩ ድልድይ በኩል እግሩ ሥር ያደርሳል። መሄጃውን በረጅሙ፣ መመለሻውን በጀልባ ማድረግ ከሁሉ ይሻላል፤ ሽቅቡን በጠዋት ጉልበት ይጨርሱታል። እየቆሙ ለሚያዩ ሦስት ሰዓት ይበቃል። ነገር ግን ወንዙ ሲሞላ ጀልባው አይሠራም፤ ሳይጠይቁ የገቡ ያንኑ ዳገት ቁልቁለት ይደግሙታል። አስጎብኚ አንድ ብቻ ይያዙና ዋጋውን ሳይነሡ ይቁረጡ። ስልክዎን በፌስታል ይጠቅልሉት፤ ጢሱ ልብስ ያረጥባል፣ የረጠበው ድንጋይም ያንሸራትታል። የመንገዱን ሰላም ደግሞ በዕለቱ ጠዋት ከሾፌሮች ይጠይቁ፤ የትናንቱ ወሬ አይበቃም።

ጥያቄ፦ ጮቄን ለመውጣት ከጓደኞቼ ጋር አስበናል። ጋቢና ቆሎ ይበቃናል? ውኃውስ ይጠጣል? (ከደጀን)

መልስ፦ ቆሎው ጥሩ ነው፤ በሶ ቢጨምሩበት ይበልጥ ጥሩ። ጋቢው ግን ለማረፊያ እንጂ ለዝናብ አይሆንም፤ ጥጥ ሲርስ ይከብዳል፣ ሙቀትም አይዝም። ከላይ ዝናብ የማያስገባ ነገር ይደርቡ፤ የአገሩ እረኛ በገሳ የሚከለለው ወድዶ አይደለም። ደብረ ማርቆስ 2,450 ሜትር አካባቢ ሲሆን የጮቄ ጫፍ 4,100 ሜትር ያህል ነው። በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀንስ ከላይ ሲደርሱ አየሩ በአሥር ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። ከሰዓት በኋላ ጉም ሊወርድ ስለሚችል ከ5 ሰዓት በፊት ጫፉ ላይ ይድረሱ፤ 8 ሰዓት ሳይሞላ መውረድ ይጀምሩ። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣ ከፍታው ነውና ወዲያው ይውረዱ፤ ክኒን ውጦ መቀጠል ሞኝነት ነው። ጅብራ የሚባለውን የደጋ ተክል አይስበሩ፤ ለዓመታት አድጎ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይደርቃል።

ውኃ ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ከቤት ይያዙ። ምንጩ ንጹሕ ቢመስልም ከላዩ በግ ይሰማራል። ለመጠጣት የግድ ከሆነ መፍላት ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ፤ በከፍታ ቦታ ውኃ ቀደም ብሎ በአነስተኛ ሙቀት ስለሚፈላ አንድ ደቂቃ አይበቃውም። በአፍ ተደፍቶ መጎንጨት ግን የትም ቦታ ይቅርብዎ። ደቃቅ አልቅት አብሮ ይገባና ጉሮሮ ወይም አፍንጫ ውስጥ ተጣብቆ ደም ያስተፋል፤ እንዲህ ከሆነ በጣት ለመጎተት አይሞክሩ፣ ጤና ጣቢያ በመሣሪያ ያወጡታል።