የአማርኛውን ቅጽ አርካይቭ ውስጥ መክተት አያድንም

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ከተማ አስተዳደር የድረ ገጽ ሠራተኛ ነኝ። የኪራይ ድጋፍ ማመልከቻን ጨምሮ የአማርኛ ቅጾቻችን ስካን የተደረጉ ፒዲኤፎች ናቸው። አለቃዬ «የቆዩ ናቸው፤ አርካይቭ ውስጥ ክተታቸው፤ የተደራሽነት ደንቡ አይነካቸውም» አለኝ። እስካሁን ቅሬታ አልመጣም። አንዲት ዓይነ ስውር እናት ብቻ ይደውላሉ፤ በስልክ እያነበብኩ እሞላላቸዋለሁ። አለቃዬ ልክ ነው?

መልስ፦ ልክ አይደለም። ደንቡን ባጭሩ ልንገርዎ። የፌዴራሉ ፍትሕ ሚኒስቴር በኤፕሪል 2024 ያወጣው ደንብ የአካባቢ መንግሥታት ድረ ገጾች ደብሊውካግ (WCAG) 2.1 ደረጃ ኤኤ (AA) የተባለውን፣ አካል ጉዳተኞችም ድረ ገጽ እንዲጠቀሙ የሚያስችል መስፈርት እንዲያሟሉ ያዛል። አማርኛን ከእንግሊዝኛ አይለይም። ሲወጣ የተቆረጠው ቀን 50,000 እና ከዚያ በላይ ሕዝብ ላላቸው ኤፕሪል 24 ቀን 2026፣ ለቀሩት ኤፕሪል 26 ቀን 2027 ነበር። ቀን ሊገፋ ስለሚችል ዛሬ የጸናውን ያረጋግጡ።

አሁን ሰው ሁሉ ወደሚሳሳትበት ልምጣ። አዎ፣ ለአርካይቭ ነጻነት አለ። ግን ሰነዱ ከቀነ ገደቡ በፊት የተሠራ፣ ለማጣቀሻ፣ ለምርምር ወይም ለመዝገብ ብቻ የተያዘ፣ ከተቀመጠ በኋላ ያልተነካና አርካይቭ ተብሎ በግልጽ በተለየ ቦታ ያለ መሆን አለበት። አራቱም መሟላት አለባቸው። ለቆዩ ፒዲኤፎችም ሌላ ነጻነት አለ፤ ሰው ዛሬም አገልግሎት ለማግኘት የሚያመለክትበት ቅጽ ከሆነ ግን አይሠራም። የእርስዎ ቅጽ ዛሬም እየተሞላ ነው። የሚሞሉትም እርስዎ ነዎት! ፎልደሩን መቀየር ይህን አይለውጠውም።

«ቅሬታ አልመጣም» ያሉት ግን አሳዝኖኛል። የእኚህ እናት ስልክ ምን ይመስልዎታል? ከተማው አካል ጉዳተኞችን በሚገባ የማነጋገር ግዴታ ያለበት ከዚህ ደንብ በፊት ጀምሮ ነው፤ ቀነ ገደብ አይጠብቅም። የአካል ጉዳተኞች ሕጉ የሰውየው ግላዊነትና ራስን መቻል እንዲጠበቅም ይላል። እሳቸው ግን ገቢያቸውንና የቤታቸውን ጉዳይ በየጊዜው ለሌላ ሰው መናገር አለባቸው።

ቅጹን ሲያሠሩም ይጠንቀቁ። ስካን ለስክሪን ሪደር፣ ማለትም ጽሑፍን ለዓይነ ስውር ጮክ ብሎ ለሚያነብ መሣሪያ፣ ፎቶ ብቻ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ፊደላትን የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው በ1999 ነው፤ በድሮ ፎንት የተተየበ ጽሑፍ ለዓይን አማርኛ ቢመስልም ለመሣሪያው ትርጉም የለሽ ምልክት ነው። በዩኒኮድ እንደገና ይተየብ፤ የሰነዱ ቋንቋም አማርኛ ተብሎ ይሰየም።

ደብዳቤዎ ያልነገረኝ አንድ ነገር አለ፦ ፋይሎቹን አዛውረዋል ወይስ ገና ነዎት? ካዛወሩ ምንም አያጥፉ፤ ቀንም አይነካኩ። የአለቃዎን ትእዛዝ በኢሜይል ያስጽፉ። የቅጾቹን ዝርዝርና የተሠሩበትን ቀን፣ እናትየው የደወሉባቸውንም ቀናት ይያዙ። ከተማው 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ካለው የአካል ጉዳተኞች ሕግ አስተባባሪ ሊኖረው ይገባል፤ ጉዳዩን በጽሑፍ ያሳውቁት። የከተማው ጠበቃ የከተማው እንጂ የእርስዎ ጠበቃ አይደለም። ይህን በማንሳትዎ መበቀል በሕግ ክልክል ነው፤ ቢሆንም ከመናገርዎ በፊት ወረቀትዎን ይዘው የራስዎን የሥራ ሕግ ጠበቃ ያማክሩ። እኔ ሰነዱን ሳላይ ከዚህ በላይ ማለት አልችልም።

እስከዚያው ለእናትየው ማንበብዎን አያቋርጡ።